አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል

ለዕድሜዋ ክብደቷ ያነሰ ልጅ አንድ እንቁላል እንኳ ሳትበላ በአንድ ቀን ትድናለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ?

የሕፃናት ማሳደጊያው ነርስ ሲስተር አመለወርቅ አላመነችም። ሚዛን ላይ ያቆመቻት ወለላ አራት ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ግን አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል።

«ወተትና እንቁላል ይግዙልኝና ሦስት ወር ይስጡኝ» አለች።

«ሊያሳድጓት የሚወስዷት ፈረንጆች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጡ። «የከሳ ልጅ ደግሞ ያስደነግጣቸዋል። የእድገት ካርዷን ለእኔ ተይው፣ ሲስተር።»

በማግስቱ በወለላ የእድገት ካርድ ላይ የክብደቷ ነጥብ ጤናማውን ልክ በሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ላይ ጉብ ብላለች። ሲስተር አቶ ጌጡ ካርዱ ላይ ኪሎ የጨመሩላት መሰላት። «ብቻ ሄዳ ትብላ» ብላ ሳትመረምረው ካርዱን ፋይሉ ውስጥ ከተተችው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሳዳጊዎቿ ወለላን ይዘው ለማሳደጊያው ዓመታዊ በዓል መጡ። አዳራሹ በእንግዳ እንደሞላ እናትየዋ በአስተርጓሚ ተናገረች።

«ልጃችን ጎበዝ ናት፤ በአራት ዓመቷ ታነባለች። ግን የታች የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። ሐኪሞቹ የአጥንት በሽታ ነው ብለው መርፌ ሊጀምሩላት ነው። እዚህ ሳለች ምግቧ ውስጥ ምን ጎድሎባት ነበር?»

«ካልሲየም ይሆናል» አሉ አቶ ጌጡ።

ወለላ ለሲስተር አፏን ከፍታ አሳየቻት። በረገፉት ቦታ አዲሶቹ ብቅ ብለዋል። ሲስተር ካርዱን ከእናትየዋ እጅ ተቀብላ አየችው። ክብደቱ ያው አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። የትውልድ ዓመቱ ግን ተፍቆ፣ በሁለት ዓመት ዘግይቶ እንደገና ተጽፏል።

ማይክሮፎኑን አነሳች።

«አቶ ጌጡ፣ እዚሁ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ፤ ይህች ልጅ መቼ ተወለደች?»