ያየሽውን ብቻ

«አየኋት!» አለ አባቷ፣ ከመኪናው ወርዶ አጥሩ በር ጋ ገና ከመድረሱ።

ሴት ልጁ ወደ ፈረሰው የድንጋይ ቤት ተመለከተች። የአሥር ሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን ሞልቶታል። ከመስኮቱ በስተቀኝ ያለችው ቀዳዳ፣ ጉጉቷ ዘወትር ፀሐይ የምትሞቅባት፣ ባዶ ነበረች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ጉጉቷን ቀድሞ የማየት ጨዋታ አላቸው፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ጣት አይቀሰርም። ድምፅ አይነሣም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ «የምታውቂውን ሳይሆን ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።» ስድስት ዓመቷ ሳለ ሳታይ አየሁ ስላለች አንድ ቅዳሜ ሙሉ አኩርፏታል።

ሃያ ስምንት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድቷል። ሰሞኑን ግን ውኃ ከብርጭቆው ውጪ ይቀዳል። ዛሬም ሲመጡ መኪናውን ከድልድዩ ጠርዝ ጋር አፋጭቶ፣ «ድልድዩ ነው የተጠጋኝ» ብሎ ሳቀ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው፣ «ጭልፊት ሐኪም ቤት ሲሄድ አይተሻል?» ይላታል። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ልትፈትነው አልመጣችም ብንል ውሸት ይሆናል።

ከግራው በኩል አንድ ነገር ሽው አለ። ጉጉቷ ከበሩ ግራ ምሰሶ ላይ፣ ከአባቷ ትከሻ አራት እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት አረፈች። ከጡጫ ብዙም አትበልጥም። ቢጫ ዓይኖቿን አፍጥጣ፣ የተቆጣች አሮጊት ይመስል ከፍ ዝቅ እያለች አየችው።

ወደ ልጁ መጀመሪያ የመጣው ደስታው ነው፤ ልክ እንደ ልጅነቷ ልቧ ዘለለ። ፍርሃቱ ከኋላ ደረሰ።

«ቀዳዳዋ ውስጥ ናት?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ፣ አንገቷን አውጥታ። ኧረ እያየችን ነው!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ካላየኋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ስጠኝ፣ አባዬ።»

ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲገባው ሳቁ እዚያው ቀረ። «የት ናት?» አለ።

«አጠገብህ። ምሰሶው ላይ።»

በሩ ሁለት ምሰሶ አለው። አባቷ ወደ ቀኙ ዞረ። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፣ እንደገናም አጠበበ።

«ልጆቹ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«የኔዋም ልጅ አውቶቡስህ ላይ ናት» አለች።

ኪሱን ፈትሾ ቁልፎቹን አወጣ፤ የመኪናውና የአውቶቡሱ በአንድ ቀለበት የታሰሩ ናቸው። መዳፏን በዳሰሳ ፈልጎ አስቀመጠላት። ቁልፎቹ ሲጋጩ ጉጉቷ ተነሣች። ያለ አንዳች ድምፅ በትከሻው ላይ ዝቅ ብላ አልፋ ከግድግዳው ጀርባ ገባች።

አባቷ ባዶውን ምሰሶ እያየ የልጁን እጅ ጭብጥ አደረገ።

«ቀስ በይ» አላት በሹክሹክታ። «እንዳታስደነግጫት።»