ሰዓት ያልተሰጠው አምስተኛው ፌርማታ

"ውረጂ ሚጢጢ... ሰዓት ደርሷል።"

ልጅቷ ዥዋዥዌው ላይ ከወጣች ገና ሃያ ደቂቃዋ ነው። እሷ ትስቃለች... አያቷ ሰዓታቸውን ያያሉ።

"ምን ዓይነት አያት ነው?" ልትሉ ነው አይደል? ቆይ፣ አትፍረዱ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው እንደዛ ነው ያልኩት።

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ከፌርማታ አንድ ደቂቃ ቀድመውም ዘግይተውም ተነስተው ስለማያውቁ ባልደረቦቻቸው "አቶ ሰዓት" ነበር የሚሏቸው። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው። ጉልበታቸው ግን ቀድሟቸው ነው ጡረታ የወጣው።

ልጃቸው ነርስ ናት። ሚጢጢን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ የሚጥላት ቀን ብዙ ነው...

ልጅ የምትይዝላት ሠራተኛ ድንገት ስትወጣባት አባቷ "እኔ አለሁ አይደል?" አሏት።

ጉልበታቸውን አየት አደረገች። "እሺ አባዬ፣ ቅዳሜን ሞክራት። ከከበደህ ግን ከሰኞ ጀምሮ የሕፃናት ማቆያ አስገባታለሁ" አለች።

ሽማግሌው ፈሩ። በሳምንት ሰባት ቀን ብቻቸውን ግድግዳ ሲያዩ ለሚውሉ ሰው ይቺ ልጅ ቀላል ነገር አይደለችም።

ከመንጃ ፈቃዳቸው ጀርባ የሚያኖሩትን አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጠርዙ ተበልቷል። አምስት ነገር ተጽፎበታል... ዥዋዥዌ፣ ጀልባ፣ አይስክሬም፣ ፎቶ ቤት። አምስተኛውን በኋላ እነግራችኋለሁ።

አመል አይለቅም፣ ለእያንዳንዱ በእስክሪብቶ ሰዓት መደቡለት። ዥዋዥዌ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሃያ። ጀልባ አራት ተኩል... አምስተኛው ጎን ግን ምንም አልጻፉም።

እና ያን ቅዳሜ መናፈሻው ውስጥ ከዥዋዥዌው ወርደው ወደ ጀልባው ሲሄዱ፣ ሚጢጢ መንገድ ላይ ቁጢጥ አለች።

ጉንዳኖች የዳቦ ፍርፋሪ እየጎተቱ ነው።

"አባባ፣ የት እየሄዱ ነው?"

"ቤታቸው።"

"ሰዓት አላቸው?"

"የላቸውም።"

"እና እኛ ለምን አለን?"

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። ጉልበታቸውም በቃኝ ብሎ ነበርና አጠገባቸው ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። "አምስት ደቂቃ ብቻ" አሏት።

የምን አምስት ደቂቃ... ልጅቷ ለጉንዳኖቹ ሁሉ ስም ስታወጣ ረፋዱ አለቀ። ወደ ኋላ የቀረውን አንዱን "አባባ" አለችው።

ከዚያ ደከማት። መጥታ የአያቷን ግራ ክንድ ትራስ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰዓታቸውን የሚያስሩት በዚያ እጅ ነው።

ክንዳቸው ደነዘዘ። አልነቀነቁትም።

ጀልባው ቀረ... አይስክሬሙ ቀረ... ፎቶ ቤቱም ቀረ። "በቃ፣ ሰኞ ይወስዱብኛል" አሉ በልባቸው።

እናት ከሥራ ወጥታ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መናፈሻው ድረስ መጣች። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

"እንዴት ዋላችሁ? ያሰብከውን ሁሉ አደረጋችሁ?"

መዋሸት ይችሉ ነበር። ልጅቷ እንደሆነ ተኝታለች። ግን አልዋሹም።

"አንዱን ብቻ ነው ልጄ... ደከመኝ።"

እናት በረጅሙ ተነፈሰች። "ይሄንኑ ፈርቼ ነበር እኮ አባዬ፣ ማቆያው ይሻላል" እያለች ልጇን ልታነሳ ስትጎነበስ፣ ጭናቸው ላይ የነበረው ወረቀት መሬት ወደቀ።

አነሳችው... አነበበችው... እዚያው ቀረች።

ከሰዓቶቹ በቀር ጽሑፉ የሽማግሌው አልነበረም። በቀይ እርሳስ፣ ፊደሉ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የተንጋደደ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ጽሑፍ ነው። ከላይ "አባዬ እረፍት ሲወጣ" ይላል።

የገዛ እጇ ጽሑፍ ነበር።

"ይሄ ነገር እስካሁን አለ?"

"አለ።"

"አንድም ቀን አልወሰድከኝም እኮ አባዬ።" ቁጣ የለበትም። ድካም ነው።

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

"መጀመሪያ እረፍት ከለከሉኝ... ኋላ ለትምህርት ቤትሽ ብዬ የሰው ተራ ደርቤ መንዳት ጀመርኩ። ሲመቸኝ ደግሞ አንቺ አድገሽ ነበር።"

ወረቀቱን እንደገና አየች። የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች።

"5ኛ፦ አባዬ ሰዓቱን እንዳያይ።"

"ለዚህኛው ለምን ሰዓት አልመደብክለትም?"

"እሱን እንዴት አድርጌ ልመድበው?"

ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ። ከዚያ ልጇ የተኛችበትን ክንድ አየች...

"ስንት ሰዓት ሆነ አባዬ?"

"እኔ እንጃ" አሉ ሽማግሌው። "እሷ ከተኛች ወዲህ አላየሁም።"

እናት የእጅ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከጎናቸው ቁጭ አለች።

በመጨረሻ ሽማግሌው ፈራ ተባ እያሉ "ሰኞስ?" አሉ።

"ሰኞ ካንተ ጋ ትውላለች። ሰዓትህን ግን ቤት ትተኸው ውጣ።"

...

ወገኖቼ፣ ሰውዬው ክፉ አባት አልነበሩም። የደከሙት ለልጃቸው ብለው ነው። ችግሩም እሱ ነው... ለልጆቻችን ብለን ስንሮጥ ልጆቻችንን እናልፋቸዋለን። ልጅ ደግሞ ፌርማታ ላይ ቆሞ አይጠብቅም፣ ያድጋል።

"ሲመቸኝ" ብላችሁ አጣጥፋችሁ ያስቀመጣችሁት ወረቀት ካለ ዛሬ አውጡት። አምስቱም ባይሆን አንዱ ይበቃል።

እስቲ ልጠይቃችሁ... ልጅ ሳላችሁ ሰዓቱን ሳያይ አጠገባችሁ ቁጭ ያለ ሰው ማን ነበር? እናንተስ ዛሬ ለማን እንደዛ ተቀምጣችኋል?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ራሴ መመለስ አቅቶኛል።