የማን ደም

ባንቺአየሁ ሁለተኛ ልጇንም በደም በሽታ ከቀበረች ወዲህ የባሏ ዘመዶች «ልጆቹን የበላቸው የባንቺአየሁ ደም ነው» ማለት ጀመሩ። እሷም አምናቸው አንገቷን ደፍታ ከረመች። ሦስተኛውን ስታረግዝ ግን ባሏን እያንገራገረም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች።

ሐኪሟ በኮምፒውተር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከፈተችላቸው። የዲኤንኤው ክር እንደ ዚፕ ተከፍቶ ራሱን ሲቀዳ፣ አንዲት ፊደል ስትዛነፍ፣ በእሷም ጦስ የደሙ ፕሮቲን ተጣሞ ሲሠራ ታየ።

«ልጅ የሚታመመው ስህተቱን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው» አለች ሐኪሟ።

የባንቺአየሁ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ሰማህ ግዛቸው? የእኔ ብቻ አይደለም!»

ባሏ ቀና አላለም።

ሐኪሟ ግራ ተጋባች። «እንዴ፣ አቶ ግዛቸው! የመጀመሪያው ልጅ ያረፈ ጊዜ ይህንኑ አሳይቼዎት አልነበር? እስካሁን አልነገሯትም?»