የቧንቧው ጽዳት

በትኩስ አየር ቡና የሚቆላውን ማሽን የሰፈሩ ቡና ሻጮች ሁሉ በጋራ ይጠቀሙበታል፤ የዛሬው የጽዳት ተራ የእሷና እትዬ የምትላቸው የባሏ ታላቅ እህት ነበር። የቡናው ገለፈት የጭስ መውጫው ቧንቧ ውስጥ ከተጠራቀመ እሳት ይይዛል። ባለፈው ክረምት ቤቱን ሊያነደው ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ አንዷ ከቤት ውስጥ፣ ሌላዋ ከግድግዳው ወዲያ ጓሮ ሆነው፣ በሁለት በኩል ገመድ የታሰረበትን ብሩሽ ቧንቧው ውስጥ በየተራ ይስባሉ።

እሷ ከውስጥ ሆና ማሽኑን ከሶኬት ነቀለች። ገመዱ እንዳያመልጣት የእጇ አንጓ ላይ ጠመጠመችው።

"እትዬ፣ ደርሰዋል?" ብላ ወደ ቧንቧው ጮኸች።

"ሳቢ!" አለ የምታውቀው ድምፅ።

ሳበች። ብሩሹ ጥቁር ገለፈት ተሸክሞ መጣ። ከወዲያ ሲሳብም ለቀቅ አደረገችው።

"ሳቢ!"

"ምነው እትዬ፣ ክንዴን ሊገነጥሉልኝ ነው እንዴ!" ብላ ሳቀች።

እትዬ ለቀልድ መልስ አጥተው አያውቁም። ቧንቧው ግን ያንኑ ቃል፣ በዚያው ቃና ደገመው።

"ሳቢ!"

ከጀርባዋ በሩ ተከፈተ። እትዬ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

"ታክሲ አጥቼ አስጠበቅኩሽ አይደል፣ የኔ ልጅ? የጓሮውንም ቁልፍ ይዤብሽ ሄጄ... ውይ፣ ብቻሽን ጀመርሽው እንዴ?"

አንጓዋ ላይ ያለው ገመድ ቀስ እያለ ይጠብቅ ነበር።

እትዬ አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ድምፃቸው ከቧንቧው ወጣ።

"አሁን የኔ ተራ ነው።"