ከአንዳርጌ ሥር

የሰው ትዝታ ወደ አንድ የጋራ የኮምፒውተር ማከማቻ ከገባ ወዲህ ሁሉም እቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ትዝታ በትእዛዝ ያስተዳድራል። የሚታወስ ሰው እዚያ የሚቀመጠው እንደ ስሙ ነው፤ ልጅ በአባቱ ሥር። በየቀኑ የሚፈለገው ሙቁ ክፍል ውስጥ ይቆያል፣ የማይፈለገው ወደ ቀዝቃዛው ይወርዳል። ወርዶ እስኪመለስ ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ለባለትዝታው ጭራሽ እንዳልነበረ ነው።

ትርሲት ባሏ አንዳርጌ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እሱ የነበረበት መኪና ሲገለበጥ በዓይኗ አይታለች። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጨከነችና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፈች፦

«አንዳርጌን ወደ ቀዝቃዛው አውርድ።»

«በሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ይቀጥል?»

በሥሩ ምን እንዳለ ሳታይ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች «ይቀጥል» አለችው።

ወዲያው ደረቷን ቀለል አላት። ፊቷን ልትታጠብ ስትነሣ በሩ አጠገብ አንድ ጥንድ ትንሽ ሮዝ ጫማ አየች። መታጠቢያው ላይ ደግሞ የልጅ የጥርስ ብሩሽ ነበር፤ ነካችው፣ እርጥብ ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።

«ማነው?» ብላ ጮኸች።

ከመኝታ ቤት አንዲት ልጅ ዓይኗን እያሻሸች ወጣች። «እማ፣ ራበኝ።»

ትርሲት ግድግዳው እስኪይዛት ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ልጅ መሆኗን ስታይ ድምጿን አለሳለሰች።

«የማን ልጅ ነሽ የኔ ቆንጆ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ትምህርት ቤት እንዳስጠኗት ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። «ፌቨን አንዳርጌ።»

«አንዳርጌ የሚባል ሰው አላውቅም» አለች ትርሲት፤ ቤቷን አፈላልጋ ልታደርሳትም እጇን ይዛ በሩን ከፈተች።