የብላሞ ፎቶ በገበያው ግድግዳ ላይ

በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር በዌስት ፖይንት ብላሞ ያላስቀየመው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ይህን የሚሉት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እሱም አይክድም። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መኮንን ለመሆን ግን በእነዚሁ ጎረቤቶች አፍ ማለፍ ነበረበት።

የቀረውን ሁሉ አልፏል። የዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል በፊት አሸዋ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ በባሕሩ ዳር ሮጧል፤ ከክፍል በኋላ ዋኝቷል፤ ጓደኞቹ የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፉ እሱ የማዕበልና የነፋስ ሰንጠረዥ ሲሸመድድ ከርሟል። ከመቶ ሠላሳ ተፈታኝ ሦስተኛ ወጣ።

የመጨረሻው ፈተና ፎቶ ነው። የዕጩው ፎቶ በሰፈሩ ገበያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ «ስለዚህ ሰው የምትሉት ያላችሁ ሐሙስ ቢሮ መጥታችሁ ተናገሩ፤ ስማችሁ አይገለጽም» የሚል ተጽፏል። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ ነፍሰ ገዳይ ዩኒፎርም እንዳይለብስ ተብሎ የታሰበ ነገር ነው። ዌስት ፖይንት ሲደርስ ግን የዶሮ ሌባና የሴት አታላይ ማበጠሪያ ሆነ።

እናቱ ቴታ ዓሣ እየፋቀች ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ምን ሲባል ነው ሰው የሚጥሉት?»

ብላሞ ቅጹን አነበበላት። «የገደለ፣ የሰረቀ፣ ቤት ያቃጠለ። በሽታም አለ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በጨለማ የማያይ፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ።»

እናቱ ሳቀች። «አንተ እንኳን ልትሄድ፣ ቤት ቢቃጠል አትገላበጥም!»

ከዚያ ዓሣውን ጠብሳ፣ ልጇን ከፊት አስቀድማ፣ ቤት ለቤት ይቅርታ ልመና ወጣች። መጀመሪያ ፀጉር ሠሪዋ ክላዴ ዘንድ ሄዱ።

«ልጄን ሦስት ወር ሙሉ አገባሻለሁ እያልክ አሞኝተሃታል» አለች ክላዴ።

«እማማ ክላዴ፣ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።»

«እባክህ ቀይር! ያኔ ሄጄ አመሰግንሃለሁ።»

በሦስት ቀን ውስጥ የሰፈሩ አፍ በዓሣ ተዘጋ። የቀረው ሽማግሌው ኒምሊ ነበር።

የኒምሊ ቂም ከባድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የብላሞ ታላቅ ወንድም ሲዬ መረብ ሊጥል ወጥቶ ሲቀር፣ ብላሞ የኒምሊን የታንኳ ሞተር ሳያስፈቅድ ወስዶ ሁለት ቀን ባሕሩን አሰሰ። ወንድሙ አልተገኘም፤ ሞተሩም ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ኒምሊ ሰላምታ ነሥቶታል።

ሽማግሌው ባሕር ዳር ተቀምጦ መረብ ሲጠግን አገኙት። የቀረበለትን ዓሣ እስከ አጥንቱ ጨርሶ አፉን ጠረገ።

«ዓሣው ጥሩ ነው» አለ። «ሐሙስ ግን እሄዳለሁ። ያለኝን እናገራለሁ።»

«ምን ሊሉ ነው አባባ?»

«እሱን እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ።»

ሲመለሱ ብላሞ ከፊት ከፊት ሄደ። እናቱ ሲዬ የቀረበትን ባሕር እያየች ክንዱን ያዘችው።

«አንድ ሰው ክፉ ቢናገር ይጥሉሃል?»

«አንድ ይበቃል፣ እማ። አንቺ ሄደሽ ብታመሰግኝኝስ?»

«እናት ልጇን ብታመሰግን ማን ያምናታል?» አለችው።

ሐሙስ ብላሞ የሒሳብ ፈተና ነበረበት። ከሰዓት ቤት ሲደርስ ማንም አልነበረም። ቆይታ እናቱ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ገባች።

«ከየት ነው እማ?»

«ከገበያ።»

«ታዲያ ዓሣው?»

«ዛሬ ዓሣ የለም» አለችና ልትተኛ ገባች።

ሰኞ ቢሮ ተጠራ። የመቶ አለቃዋ ወረቀቱን እያገላበጠች ፈገግ አለች።

«አሥራ አንድ ሰው መጥቷል። አሥሩ አመስግነውሃል፤ የተለማመዱት ነው የሚመስለው። አሥራ አንደኛው ግን… በእንቅልፍ ልብህ ትሄዳለህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ከባሕሩ አፋፍ ሁለቴ ተይዘህ ተመልሰሃል ተብሏል። በዝርዝር ነው የተነገረን፤ ለማመን አልከበደንም። መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የመጋዘን ጸሐፊነት ካማረህ የብስ ላይ ቦታ አለን፤ ባሕሩን ግን እርሳው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ስም አንሰጥም።»

ብላሞ እየሮጠ ወጣ። ሁለት ዓመት የተሸከመው አሸዋ ሁሉ ደረቱ ላይ የተቆለለ መሰለው፤ መንገድ ላይ አለቀሰ፣ ሰው ቢያየውም ግድ አልሰጠውም። በቀጥታ ባሕር ዳር ወረደ።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ። በዕድሜው ኒምሊን አንተ ብሎ አያውቅም። «ሌባ ብትለኝ እውነት ነው፤ ሞተርህን ወስጃለሁ! እንዴት የሌለብኝን በሽታ ትፈጥርብኛለህ?»

ኒምሊ ከመረቡ ቀና አለ። «የምን በሽታ?»

«በእንቅልፍ ልቡ ይሄዳል አላልክም?»

«አብደሃል? እኔ ያልኩት፣ ይህ ልጅ ለወንድሙ ብሎ ሁለት ቀን ባሕር ላይ ያደረ ነው፣ መኮንን አድርጋችሁ ውሰዱት፣ ከሞተሬም ይራቅልኝ ነው። ሂድና ጠይቅ!»

ብላሞ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው እንደማይዋሽ ያውቃል፤ ሊዋሽ ቢፈልግ ኖሮ ዓሣውን ሲበላ ይዋሽ ነበር።

«ታዲያ ማን ነው አባባ? እዚያ ማንን አዩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ኒምሊ። «ተራዬን ስጠብቅ እናትህ ከቢሮው እያለቀሰች ወጣች፤ የደስታ መስሎኝ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።»