የሻወሩ ዋጋ

"አሥራ ስምንት ሺህ ብር፣ ከነእጅ ዋጋዬ" አለ አዲሱን ሻወር ገጥሞ የጨረሰው የቧንቧ ሠራተኛ ፍቃዱ። ሙንተሃ ቆጥራ ሰጠችው።

"አትከራከሪም እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

አሮጌው ሻወር ከተበላሸ ወዲህ እናቷ በሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነበር የምትታጠበው። ሙንተሃ ግን ከውጭ አገር እየደወለች፣ "ዋጋ ቆልለው ያታልሉሻል፤ እኔ ስመጣ ይቀየራል" እያለች ሦስት ዓመት አቆየቻት። ሐዋሳ የገባችው እናቷ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው።

ፍቃዱ ውሃው መሞቁን ሊያይ ተመልሶ መታጠቢያ ቤቱ ገባ። ወዲያው ደንግጦ ወጣና በሩን ዘጋው። ከውስጥ የሻወሩ ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

"እናትሽ እየታጠቡ መሆኑን አልነገርሽኝም እኮ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "'ልጄ መጣች? ጀርባዬን ትሽልኝ' እያሉ ነው።"